የደን እንጉዳይ ባሕር የተሻገረው በሥር ነው ወይስ በነፋስ?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ ከዛፍ ሥር ጋር ተጣምረው የሚኖሩ እንጉዳዮች በዓለም የተሰራጩት ዛፎቻቸውን ተከትለው በየብስ ነው እንጂ በነፋስ ውቅያኖስ ተሻግረው አይደለም።

ደጋፊ፦

እንጉዳይ ስንል ዓይናችን የሚያርፈው ከዝናብ በኋላ ብቅ በሚለው ቆብ ላይ ነው። ዋናው አካል ግን አፈር ውስጥ የተዘረጋው ድር ነው። ይህ ድር የፓይንን ወይም የኦክን ቀጫጭን የሥር ጫፎች እንደ ጓንት ይሸፍናል፤ ለዛፉ ፎስፎረስና ናይትሮጅን ያቀብላል፣ በምትኩ ስኳር ይቀበላል። ዛፉ በሌለበት ራሱን ችሎ መኖር አይችልም። ስለዚህ የፈንገሱን ጉዞ ለማወቅ መጀመሪያ የዛፉን ጉዞ መከተል ይገባል።

ቀይ ቆብና ነጫጭ ነጠብጣብ ያለውን አማኒታ ሙስካሪያን እንውሰድ። በ2006 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ የዘረመል ጥናት መነሻውን በሳይቤሪያና በቤሪንጂያ አካባቢ አስቀምጦታል። ቤሪንጂያ እስያንና አላስካን ያገናኝ የነበረ የብስ ነው፤ ፈንገሱም ከደኑ ጋር በዚያ አልፎ ሰሜን አሜሪካ ገባ። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ደግሞ ሲታሪያ የሚባል ፈንገስ አለ። ቻርልስ ዳርዊን በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በምትገኘው በቲዬራ ዴል ፉዌጎ ሰብስቦታል፣ የአገሩ ሰዎችም ይበሉት ነበር። ይህ ፈንገስ የሥር አጋር አይደለም፤ ኖቶፋገስ በሚባለው የደቡብ ንፍቀ ክበብ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እባጭ አብቅሎ የሚኖር ጥገኛ ነው። የሚገኘው በደቡብ አሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ብቻ ሲሆን፣ የዝርያዎቹ የዘር ሐረግ ከዛፎቹ የዘር ሐረግ ጋር በአብዛኛው ይገጥማል። እነዚህ አገሮች በአንታርክቲካ በኩል የተያያዙ፣ ጎንድዋና የሚባለው የጥንት ታላቅ አህጉር ክፍሎች ነበሩ።

ነፋስን ለሚያነሡ አንድ ቁጥር ልስጥ፦ የሥር አጋር እንጉዳዮች ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር የሚበትኑት ብናኝ፣ በመስክ ሲለካ 95 በመቶ የሚሆነው ከቆቡ 1 ሜትር ሳይርቅ ይወድቃል። የካሪቢያን ደሴት ፖርቶ ሪኮም ምስክር ናት። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ፓይን ለመትከል ተደጋግሞ ቢሞከርም ችግኙ እየቀጨጨና እየጠፋ አስቸገረ። የተሳካው በ1955 ከሰሜን ካሮላይና ፈንገሱ ያለበት የፓይን ደን አፈር ከመጣ በኋላ ነው። ጎረቤቷ ደሴት ሂስፓኒዮላ ግን የራሷ ፓይን ከነፈንገሱ አላት፤ በመካከላቸው ያለው የሞና ወሽመጥ ስፋቱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ይህን ያህል ካላሻገረ ውቅያኖስን እንዴት ያሻግራል?

ተቃዋሚ፦

ከፖርቶ ሪኮ ልነሣ። በካሪቢያን ዓመቱን ሙሉ የሚነፍሰው ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው፤ ማለትም ከፖርቶ ሪኮ ወደ ሂስፓኒዮላ ይሄዳል እንጂ ከሂስፓኒዮላ ወደ ፖርቶ ሪኮ አይመጣም። ምሳሌው ነፋስ አቅም እንደሌለው አያሳይም፤ አቅጣጫ እንዳለው ያሳያል።

95 በመቶውም ቢሆን ቀሪውን 5 በመቶ ይተውልኛል። አንድ ትልቅ እንጉዳይ በቢሊዮን የሚቆጠር ስፖር ሲበትን፣ 5 በመቶው በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። የአንዱ መጠን ደግሞ 10 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ይህ በየዓመቱ፣ ለሚሊዮን ዓመታት እንደሚደጋገም ያስቡ። እኔ የምለው በየወቅቱ ይሻገራል አይደለም፤ በብዙ ሺህ ዓመት አንዴ ቢሳካ ለታሪኩ ይበቃል ነው።

ማስረጃው ኒው ዚላንድ ውስጥ አለ። ደሴቶቹ ከጎንድዋና የተለዩት ከ80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሆኖም በፍል ውኃ አካባቢዎች ማኑካና ካኑካ ከሚባሉ ዛፎች ሥር የሚበቅለው ፒሶሊተስ የተባለ የሥር አጋር ፈንገስ በዘረመል ከአውስትራሊያው ጋር እጅግ ቅርብ ነው፤ 80 ሚሊዮን ዓመት የተለያየ ዘመድ እንዲህ አይመሳሰልም። በመካከላቸው ያለው የታስማን ባሕር 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ነፋሱም ከአውስትራሊያ ወደ ኒው ዚላንድ ይነፍሳል። በዘመናችንም ታይቷል፦ የፖፕላር ዛፍን ቅጠል የሚያጠቃው ዋግ፣ እሱም ፈንገስ ነው፣ አውስትራሊያ ውስጥ በ1972 ታየ፤ በ1973 ኒው ዚላንድ ደረሰ።

ኖቶፋገስ ራሱም ለእርስዎ አይመሰክርም። የኒው ዚላንድና የአውስትራሊያ ኖቶፋገሶች የተለያዩበት ጊዜ በዘረመል ሲሰላ ከጎንድዋና መሰንጠቅ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ዛፉ ራሱ ባሕር ከተሻገረ ሲታሪያ አብሮት በየብስ ሄደ ማለት አይቻልም።

ደጋፊ፦

ዋግን ከእንጉዳይ ጋር ማነጻጸር አይቻልም። በበጋ የሚበተነው የዋግ ስፖር ግድግዳው ወፍራም፣ ቀለሙም ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ነው። በውስጡ ሁለት ተጣማጅ ኒውክሊየሶች ስላሉት አንዱ ብቻውን ቅጠል ላይ ቢያርፍ በሽታ ይጀምራል። የእንጉዳይ ስፖር በአብዛኛው ግማሽ ነው። በቅሎ የሚያወጣው ድር ሙሉ ሆኖ እንጉዳይ እንዲያፈራ፣ ሌላ የሚስማማው ስፖር በዚያው ቦታና በዚያው ወቅት፣ ሕያው ሥር አጠገብ ማረፍ አለበት። አንድ የባዘነ ስፖር ባሕር ቢሻገር እንኳ ብቻውን ይቀራል።

አማኒታ ሙስካሪያ ይህን በተግባር ያሳያል። ዛሬ በኒው ዚላንድና በታስማኒያ ከፓይን ተክል እየወጣ የአገሩን የኖቶፋገስ ደን ወርሯል፤ ከዛፉ ጋር መኖር ይችላል ማለት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ደን ሚሊዮን ዓመታት ሲጠብቀው ለምን አልመጣም? የመጣው ሰው ከሰሜን ዛፎችን ይዞ ሲሄድ ነው።

ተቃዋሚ፦

ለምን እንዳልመጣ ልመልስ። የሰሜኑና የደቡቡ ነፋስ በምድር ወገብ አካባቢ በቀላሉ አይቀላቀልም። በደቡብ ግን ብርቱው የምዕራብ ነፋስ ሉሉን ይዞራል። የፒሶሊተስና የአማኒታ ልዩነት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ተጣማጁ በዚያው ወቅት ይምጣ የሚለው ቅድመ ሁኔታም ሁሉም ላይ አይሠራም። ራይዞፖጎን የተባለው የሥር አጋር ፈንገስ ስፖር አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ በተቀበረ አፈር በተደረገ ሙከራ ከ4 ዓመት በኋላ ሥር የመያዝ አቅሙ ከመጀመሪያው ጨምሮ ተገኝቷል። አንዱ ቀድሞ መጥቶ ሌላውን መጠበቅ ይችላል።

አገራችን ላይ ደግሞ ነገሩ ጥርት ይላል። የደጋ ዛፎቻችን፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድና ጥቁር እንጨት፣ ሥራቸው ሲመረመር የሚጣመሩት ቆብ ከማያወጣው፣ ሥር ሴል ውስጥ ከሚገባው ሌላ የፈንገስ ወገን ጋር ነው። የፓይን እንጉዳይ ስፖር ቢደርስ እንኳ የሚቀበለው ሥር የለም። የጎደለው ተቀባይ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ሲመጣ በቶሎ የለመደው በሁለቱም ዓይነት ፈንገስ መጠቀም ስለሚችል ነው፤ ፓይን ግን ይህ ዕድል የለውም።

ደጋፊ፦

ሁለታችንም የምንመካው በዘረመል ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ወገኖች መቼ እንደተለያዩ ከዘረመል ልዩነታቸው በሚያሰላው ዘዴ ነው። ሰዓቱ የሚሞላው በቅሪተ አካል ነው፤ የእንጉዳይ ቅሪት ደግሞ ከጣት ቁጥር ብዙ አይበልጥም። ከብራዚል የክራቶ ድንጋይ የተገኘው 115 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ በኒው ጀርሲ ሙጫ ውስጥ የተገኘው 90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ድንጋይ የተገኘው ፈንገስ የለበሰ የፓይን ሥር 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። እያንዳንዱ የሚነግረን ወገኑ ቢያንስ ያን ያህል ዕድሜ እንዳለው ነው። ትክክለኛው ዕድሜ ከዚያ ስለሚበልጥ ሰዓቱ ሁልጊዜ ወደ ወጣትነት ያዘነብላል፤ ያኔ መለያየቱ ከባሕሩ መፈጠር በኋላ የሆነ ይመስላል። ስለ ፒሶሊተስ እቀበላለሁ፤ ለሌላው ወገን ሁሉ ግን ደንብ አይሆንም።

በተግባርም ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የሚታየው ይኸው ነው። ፈንገስ በሌለበት አካባቢ ፓይን ሲፈላ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ቢጫ ይለወጣል፤ ሥሩ ፎስፎረስ ማግኘት ስላቃተው ነው። መፍትሔው ከጎለመሰ የፓይን ተክል ሥር ከላይኛው 10 ሳንቲ ሜትር አፈር ወስዶ፣ ሳይደርቅ፣ ከችግኝ ማፍያው አፈር 10 በመቶ ያህል መቀላቀል ነው።

ተቃዋሚ፦

እዚህ ላይ አጥብቄ እቃወማለሁ። በጣቢያዎቻችን የተለመደው 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የደን አፈርና 1 እጅ አሸዋ ነው። የደን አፈሩ ከዝግባ ሥር ከመጣ ለፓይን የሚሆን ፈንገስ የለበትም። ከፓይን ተክል ከመጣ ደግሞ ሥር አበስባሹን አርሚላሪያን ሊያመጣ ይችላል፤ አርሚላሪያ ፉስሲፔስ በኢትዮጵያ የፓይን ተክሎች ላይ ተገኝቷል። ኬፕ ታውንም ሆላንዶች በ1652 የጀመሩት የአትክልት ስፍራ ውስጥ የአውሮፓው አርሚላሪያ ሜሌያ ዛሬም ዛፍ ይገድላል፤ በጥንቱ ሰፋሪዎች ጊዜ ከአውሮፓ በመጡ ተክሎች ሳይገባ አልቀረም።

ስፖሩን ለብቻው መጠቀም ይሻላል። ሱይለስ የተባለው የፓይን አጋር እንጉዳይ የበሰለ ቆብ ይለቀምና ከታች ያለው ስፖንጅ መሰል ክፍል ይላጣል። ክሎሪን በሌለበት ውኃ ተፈጭቶ በጨርቅ ይጠለላል፤ በማይክሮስኮፕ ተቆጥሮ ለአንድ ችግኝ 1 ሚሊዮን ስፖር ያህል እንዲደርስ ይቀጠናል። ወዲያው የማይፈስ ከሆነ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀመጥ። ከተዘራ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ቀጫጭን ሥሮች ሲወጡ ችግኞቹ ሥር ይፈስሳል። ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ጣቢያው ዳፕ የተባለውን ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ ስለሚያበዛ ነው፤ ፎስፎረስ የጠገበ ሥር ፈንገሱን አይቀበልም። ከማጠጣቱ በፊትና በኋላ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት መርጨትም ሥራውን ያጠፋዋል። ከሦስት ወር በኋላ ጥቂት ችግኞች ይነቀሉና አፈሩ በውኃ ይታጠብ፤ ጫፎቻቸው እየተሰነጠቁ ሁለት ሁለት የሆኑ፣ የወፈሩ አጫጭር ሥሮች ከታዩ ፈንገሱ ይዟል።