ማስተካከያ፦ የድብርት መጠይቅ ነጥብና የምስጢር አጠባበቅ

ለዩኒቨርሲቲ አማካሪዎች ቀደም ብለን ባወጣነው ጽሑፍ «የድብርት ምልክቶችን በሚለካው በፒኤችኪው-9 መጠይቅ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ ድብርት አለበት፤ ከ10 በታች ያመጣ ቀጠሮ ይጠብቅ» ብለን ነበር። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ አደገኛ ነው።

መጠይቁ ስላለፉት 2 ሳምንታት የሚጠይቁ 9 ጥያቄዎች አሉት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ስለሚያዝ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 10 ነጥብ ተጨማሪ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል እንጂ ሕመሙን አያረጋግጥም። በፈተና ሰሞን እንቅልፍ ያጣ፣ የደከመውና ሐሳቡን መሰብሰብ ያቃተው ተማሪ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ 9 ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። የታይሮይድ ችግርና የደም ማነስም ድካሙን ሊያመጡት ይችላሉ።

ከሁሉም የሚያሳስበን 9ኛው ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀው ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። እዚህ ላይ ከ0 በላይ የመለሰ ተማሪ፣ ድምሩ 4 ብቻ ቢሆንም፣ ከአማካሪው ክፍል ሳይወጣ መጠየቅ አለበት፦ ሐሳቡ አሁንም አለ? ዕቅድ አለው? የሚጎዳበት ነገር በእጁ ይገኛል? ከዚህ በፊት ሞክሮ ያውቃል? በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በተማሪው ውስጥ አይተክልም፤ እንዲያውም ብዙዎች የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው ቀለል ይላቸዋል። ስለዚህ አማካሪው ነጥቡን ከመደመሩ በፊት 9ኛውን ይመልከት።

«የተነገረው ሁሉ በምስጢር ይያዛል» ያልነውም ይታረም። ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ምስጢሩ ለሚመለከተው ሊገለጽ እንደሚችል ተማሪው በመጀመሪያው ቀን፣ መናገር ሳይጀምር ይነገረው። ኋላ ላይ ከሰማው እንደ ክህደት ሊቆጥረውና ሊቀር ይችላል።