ዱላው በነጻ፣ ካሜራው በውድ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ፖሊስና ስለ ኅብረተሰቡ በተጠራ አንድ የውይይት መድረክ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ፣ ሥራ ላይ ያለ ፖሊስን በስልኩ የሚቀርጽ ሰው እንዳይታሰር፣ ስልኩም እንዳይነጠቅ በግልጽ የሚደነግግ ሕግ ለምን አይወጣልንም ሲል ጠየቀ። ከመድረክ የመለሱለት ሹም አልተቆጡም። ፈገግ ብለው ሐሳቡን አመሰገኑና እንዲህ ያለ ሕግ ለከተማችን አቅም ውድ እንደሚሆን አስረዱ። ፖሊሱን ማሠልጠን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ክስ ሲመጣ ጠበቃ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ካሳው ደግሞ ከጤና ጣቢያና ከውሃ መስመር በጀት ላይ ይቆረጣል አሉ። ማሳረጊያቸው አሜሪካ ነበረች፦ የሚኒያፖሊስ ከተማ በአንዲት የስልክ ቪዲዮ የተነሳ 27 ሚሊዮን ዶላር ከፍላለች፣ እኛ ከየት እናመጣለን? ከፊቴ የተቀመጡት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ለሻይ ዕረፍቱ ሳልቆይ ወጣሁ።

አቦ፣ እስቲ እንተሳሰብ። 27 ሚሊዮኑ የቪዲዮ ዋጋ ነው? እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 እዚያው ሚኒያፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ የተባለውን ሰው የገደለው ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ አንገቱ ላይ የተጫነ የፖሊስ ጉልበት ነው። የቀረጸችው የ17 ዓመት ልጅ ማንንም አልገደለችም። የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ መግለጫ ግን ስለ ጉልበት አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ሰውየው ፖሊስ ሲይዘው ሕመም ታይቶበት ሆስፒታል ገብቶ ሞተ የሚል ነበር። ቪዲዮው ባይኖር ያ መግለጫ እንደተጻፈ ይጸና ነበር፤ ከተማዪቱም ገንዘቧን ይዛ ትቀር ነበር። እንግዲህ የሹማችን ሒሳብ የት እንደሚያደርስ ተመልከቱ። በእርሳቸው መዝገብ ላይ ቁጠባ ማለት ሰው ሞቶ ያየ ሰው አለመገኘቱ ነው። እንዲህ ማለታቸው አይደለም የሚለኝ አይጠፋም። ሒሳባቸው ግን ይህንኑ ይላል፤ ሒሳብ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።

አሜሪካን ካነሱ አይቀር ቦስተንን ማንሳት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ጠበቃ በከተማዋ ትልቅ መናፈሻ አጠገብ ሲያልፍ ፖሊሶች አንድ ወጣት ሲይዙ አየና በስልኩ ቀረጸ። እርሱም ተይዞ ተከሰሰ። ክሱ ውድቅ ሲደረግለት መልሶ ፖሊሶቹንና ከተማዋን ከሰሰ፤ በ2011 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአደባባይ ሥራውን የሚሠራ ፖሊስን መቅረጽ የዜጎች መብት መሆኑን አስረግጦ ወሰነ። በ2012 ቦስተን 170,000 ዶላር ከፍላ ነገሩን ቋጨች። ይህን ዕዳ ያመጣው ካሜራው ነው ወይስ ካቴናው? ሰውየውን ቀርጾ እንዲያልፍ ቢተዉት ኖሮ ከከተማዋ ካዝና አምስት ሳንቲም አይወጣም ነበር።

ደግሞስ ሩቅ አገር ምን አስኬደኝ? ጎረቤቴ ባጃጅ ነጂ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ገበያ ዳር ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ አንድ ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው መሬት ላይ በመደብ በመደብ የተደረደረ ቲማቲም በእግሩ ሲበትን አየ። ሴትዮዋ እየጮኸች ትለቅማለች፤ እርሱ የለቀመችውን መልሶ ይበትናል። ጎረቤቴ ስልኩን አወጣ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ስልኩ እጁ ላይ አልነበረም። ተቀበልኩ የሚል ወረቀትም አልተሰጠውም።

አሁን ሹማችን የሚወዱትን ሒሳብ እንሥራ። በማግስቱ ስልኩን ፍለጋ ሄደ፤ የወሰደው ሰው ተረኛ አይደለም ተባለ። በሦስተኛው ቀን ማመልከቻ ጽፈህ አምጣ ተባለ፤ ለማመልከቻ ጸሐፊ ከፈለ፣ ለፎቶ ኮፒ ከፈለ። በአራተኛው ቀን ስልኩ የራሱ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ተጠየቀ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተገዛ ስልክ ደረሰኝ ያለው ማን ነው? ምስክር ፈልጎ ወሰደ፤ ምስክሩ ደግሞ የዕለት ሥራውን ትቶ ነው የሄደለት። በአምስተኛው ቀን ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። ይህን ሁሉ ቀን ባጃጁ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል፤ የባጃጁ ባለቤት ግን የቀን ገቢውን አልማረም። በስልክ እየደወሉ የሚጠሩት ደንበኞቹም ሌላ ባጃጅ ለምደዋል።

ይህ በግል ኪስ የወጣው ብቻ ነው። በመንግሥት በኩልስ? ስልኩን የነጠቀ አንድ ደመወዝተኛ፣ መዝገብ ላይ የጻፈ ሌላ ደመወዝተኛ፣ ቁልፍ የያዘ ሦስተኛ፣ ማመልከቻውን የመራ አራተኛ፣ የፈረመ አምስተኛ። አምስት የመንግሥት ሠራተኞች ተረባርበው ሕዝቡን የጠበቁት ከአንዲት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው! ቲማቲሟ የተበተነባት ሴትዮ አቤቱታ ስታቀርብ ደግሞ ነገሩ የምስክር ቆጠራ ሆነ። ሦስት ሰው አየሁ ይላል፣ ሦስት ሰው በእግሩ አልነካም ይላል፤ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ያልቀረበ ምስክር፣ እንደገና ቀጠሮ። አባቶቻችን ነገር ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ሲሉ ይህን ፈርተው ነው። ቀረጻ ማለት ያልደረቀ ነገር ነው። አንድ ሰዓት የማይፈጅ ጉዳይ መረጃው መሳቢያ ውስጥ ስለተቆለፈበት ወራት ይጎተታል፤ የሚጎተተውም በእኛው ግብር ነው። ይህ ወጪ በበጀት ሰነድ ውስጥ ርዕስ ስለሌለው ሹሙ የሌለ ይመስላቸዋል። ርዕስ የሚሰጡት ለካሳው ብቻ ነው፤ ካሳ ከእነርሱ በኩል ስለሚወጣ። እኔ እስከማየው ድረስ በዚህ ከተማ ካሜራን በመፍራት የሚባክነው ገንዘብ ካሜራን ፈቅዶ ከሚከፈለው ካሳ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሚጠራጠር ካለ አንድ ሳምንት ስልክ ማስመለስ ይሞክር።

ደግሞ ሕጉ አዲስ ዕዳ ይዞ የሚመጣ አስመሰሉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሚቀጥለውን አንቀጽ 28ን ግን የሚያነብ ጠፋ፤ ሰውየው በያዘው የመንግሥት ሥራ ምክንያት ወይም ነገሩ በአደባባይ የተፈጸመ በመሆኑ ምስሉ ቢወጣ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። በአደባባይ ቆሞ የመንግሥት ሥራ የሚሠራ ፖሊስ ሁለቱንም ያሟላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃን በመረጠው መንገድ የመሰብሰብና የማሰራጨት ነጻነትን ለማንኛውም ሰው ይሰጣል። ወጣቱ የጠየቀው ይህ ያለን መብት መንገድ ላይ ሲደርስ እንዳይነጠቅ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ስልጠና አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ስልኩን አትንካ።

ካሳውስ ከጤና ጣቢያ በጀት ነው ያለው ማን ነው? ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ራሱ ኃላፊ መሆኑን፣ መንግሥት ከፍሎለት ከሆነም ገንዘቡን መልሶ ሊጠይቀው እንደሚችል ይናገራል። የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ በቅን ልቦና ያልሠራ ፖሊስ ከካሳው አምስት በመቶውን ወይም 25,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰውን ከራሱ ኪስ እንዲከፍል አድርጋለች። እኛ ይህን ሐሳብ ከእነርሱ ስድሳ ዓመት ቀድመን ጽፈነዋል። ጽፈን አስቀመጥነው።

በመድረኩ ላይ ሌላ ተናጋሪ ቪዲዮ ከተማ ያቃጥላል ብሎ ሎስ አንጀለስን ጠቀሰ። ሮድኒ ኪንግ የተባለ ሰው እዚያ በፖሊሶች ሲደበደብ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በማርች 1991 ነው፤ ዓለም ሁሉ አየው። ከተማዋ የተቃጠለችው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በኤፕሪል 1992፣ ፖሊሶቹ ጥፋተኛ አይደሉም በተባሉበት ዕለት ነው። ሰው ድብደባውን አይቶ ፍርድ ቤቱን ጠብቆ ነበር። ክብሪቱን የጫረው ማን እንደሆነ ከቀኖቹ መቁጠር ይቻላል።

ቀራጭ የፖሊስን ሥራ ያውካል ለሚለው፣ እጁን ጣልቃ ያስገባ በእጁ ይጠየቅ። የተደፈረችን ሴት ወይም የሕፃንን ፊት መለጠፍም ነውር ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ርቀት ይወሰን የሚሉትን ግን እጠራጠራለሁ። አሪዞና እ.ኤ.አ. በ2022 ከስምንት ጫማ፣ ማለትም ከሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ቀርቦ ፖሊስን መቅረጽ ወንጀል ነው ብላ ሕግ አወጣች፤ ሥራ ላይ ሳይውል ፍርድ ቤት አገደው፤ በማግስቱ ዓመት ጨርሶ ወደቀ። ቀፊራን የሚያውቅ ሰው ይፍረድ፤ እዚያ ገበያ ውስጥ ከማንም ሰው ሁለት ሜትር ተኩል መራቅ የሚችል ቢኖር ርግብ ነው።

በአዲስ አበባ አደባባዮች ካሜራ ሲሰቀል ወጪው በዛ ያለ ሹም አልሰማሁም። ወደ እኛ የዞረ ካሜራ ልማት ሆኖ፣ ከእኛ ወደ እነርሱ የዞረው እንዴት ኪሳራ ሆነ? በግዢው መንግሥት ያላወጣበት ደግሞ የእኛው ነው።

የጎረቤቴ ስልክ በመጨረሻ ተመለሰለት። የፎቶ ማኅደሩ ባዶ ነበር፤ የሴት ልጁ የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃም አብሮ ጠፍቷል። ባለፈው ሳምንት ወደ ሳቢያን ሲያደርሰኝ መንገድ ዳር ግርግር ገጠመን፤ አንድ ልጅ መሬት ላይ ወድቋል፣ ሁለት ዱላ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። ስልኩ ከመሪው አጠገብ ተሰክቶ ነበር። አየት አደረገውና ባጃጁን አዙሮ በሌላ መንገድ ወሰደኝ።

«ለምን?» አልኩት።

«ተወኝ ጋሼ» አለ፤ «ወጪ አለው።»