ሚስማር ተራ በሄዲንግሊ

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ሊድስ ስለምኖር ሁልጊዜ የሚጠይቀኝን ጠየቀኝ። «ሊድስ ዘንድሮ እንዴት ነው?»

«ተስፋ አለን፤ አምና ግን በመጨረሻዋ ሰከንድ ተቀማን» አልኩት።

ግራ ገባው። «ምኑን ነው የተቀማችሁት? ፕሪሚየር ሊግ ተመለሳችሁ አይደል እንዴ!»

ያኔ ነው ስለተለያየ ሊድስ እያወራን እንደሆነ የገባኝ። እሱ የሚለው የእግር ኳሱን ሊድስ ዩናይትድ ነው። እኔ ደግሞ የራግቢ ሊጉን ሊድስ ራይኖስ።

እዚህ አገር ስመጣ ራግቢ አንድ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁለት ነው። በ1895 (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ሀደርስፊልድ ከተማ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ከራግቢው ማኅበር ተገነጠሉ። ጠቡ የገንዘብ ነው። ተጫዋቾቹ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜ ሲጫወቱ የቀን ደመወዛቸው ይቆረጣል። ክለቦቹ «የቀረባቸውን እንተካላቸው» አሉ። የደቡብ ጌቶች «ኳስ በገንዘብ መጫወት ነውር ነው» አሉ። ጠግቦ ላደረ ሰው እንዲህ ማለት ቀላል ነው። የተገነጠሉት ቆይተው ሕጉንም ለወጡት፤ ከ15 ተጫዋች ሁለት ቀንሰው 13 አደረጉት። ራግቢ ሊግ የሚባለው ይኸው ነው። ዛሬም ጨዋታው ከነዚያው ከተሞች ብዙም አልራቀም። ለንደን ያለ ወዳጄ ስለ ራግቢ ሊግ ሳወራው የማወራው ስለ ሌላ አገር ነው የሚመስለው።

ወደዚህ ነገር ያስገቡኝ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ገና በተዋወቅን በሳምንቱ «ላቭ» ብለው ጠሩኝ። ደነገጥኩ። በኋላ ሲገባኝ የዮርክሸር ሽማግሌ ወንዱንም ሴቱንም እንዲህ ነው የሚጠራው፤ እኛ «የኔ ልጅ» እንደምንለው ያለ ነው። አንድ አርብ ማታ ሄዲንግሊ ስታዲየም ይዘውኝ ሄዱና ደቡብ በኩል ያለው መቆሚያ ላይ አቆሙኝ። ወንበር የለም። ብርዱ አጥንት ይገባል። እኔ ግን ወደ ልጅነቴ ተመለስኩ። አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ! ጋዜጣ አንጥፎ የሚቀመጠው፣ ቆሎ የሚቆረጥመው፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቅፎ የሚዘለው ሕዝብ ትዝ አለኝ። በሚቀጥለው ጨዋታ በኪሴ ቆሎ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው መጀመሪያ የወፍ ምግብ መስሏቸው አዩኝ። ከዕረፍት በኋላ መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ።

የገረመኝ ሌላ ነገር አለ። የሁለቱ ቡድን ደጋፊ ተቀላቅሎ ነው የሚቆመው። አጥር የለም፣ በመካከል የተደረደረ ፖሊስ የለም። ቢራውን እንደያዘ ነው የሚያየው፤ እግር ኳስ ላይ ይህ አይፈቀድም። ሜዳው ውስጥ መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው ላይ ይከመራል። ውጭ ያለው ተቃራኒውን ይተርባል፣ ይሳሳቃል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምንለው እኛ ነን፤ የሚኖሩት ግን እነሱ ሆነው አገኘኋቸው። ቡናና ጊዮርጊስ በተገናኙ ቀን ከስታዲየም ስንወጣ ማልያችንን ጃኬት ውስጥ እንደብቅ የነበርነው ሰዎች ይህን ስናይ ትንሽ ያመናል።

አገር ቤት ያለውንስ? አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተብሎ ዓመታት ተዘግቶ ቆየ። ሊጋችን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦቹን በተመረጡ ከተሞች ሰብስቦ ሲያጫውት፣ ደጋፊው የሰፈሩን ቡድን በቴሌቪዥን ማየት ግድ ሆነበት። ባለፈው ስሄድ የድሮ ጓደኞቼን ያገኘኋቸው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። በአርሰናልና በማንቼ ሊደባደቡ ደርሰዋል። ጊዮርጊስ ባለፈው ከማን ጋር እንደተጫወተ ስጠይቃቸው እርስ በርስ ተያዩ። አልፈርድባቸውም። ቡድኑን በአካል የማያየው ደጋፊ ሁሉም ያው ስክሪን ነው፤ ስክሪን ከሆነ ደግሞ የተሻለውን ይመርጣል።

እዚህ ግን ተጫዋቹ ሱቅ ወረፋ ላይ ይገኛል። ገንዘቡ ብዙ ስላልሆነ ይመስለኛል። የአንድ ክለብ ተጫዋቾች ሁሉ የዓመት ደመወዝ ጣሪያ 2.1 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ ነው፤ ከጣሪያው ውጭ የሚፈቀዱ ጥቂት ኮከቦች አሉ። በሳምንት 200 ሺህ የሚከፈለው አንድ የእግር ኳስ ሰው ያንን ሁሉ በ11 ሳምንት ለብቻው ያገኘዋል።

ሮብ በሮውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቁመቱ 1.65 ሜትር ብቻ ነበር፤ እኔ እንኳ እበልጠዋለሁ። በነዚያ ግዙፎች መሀል ሾልኮ ከሊድስ ጋር ስምንት የሱፐር ሊግ (የራግቢ ሊግ ከፍተኛው ውድድር) ዋንጫ በላ። በ2019 መጨረሻ ነርቭን የሚገድል በሽታ ተገኘበት። የቡድኑ አምበል የነበረው ኬቨን ሲንፊልድ ለጓደኛው ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰባት ቀን ሰባት ማራቶን ሮጠ። በ2023 ደግሞ በበሮው ስም በተሰየመው የሊድስ ማራቶን በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፋው ውሎ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ አቅፎ ተሸክሞት ገባ። ማራቶን የኛ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ግን ሰዓት የማየው ነገር አልመሰለኝም። በሮው በ2024 ጁን ወር መግቢያ ላይ አረፈ። ጎረቤቴ ለሳምንት ያህል መጋረጃቸውን አልገለጡም።

ወደ ዘንድሮው ልመለስ። የካቲት 5 (በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 12) የ2026 ሱፐር ሊግ ይጀመራል። ክለቦቹ ከ12 ወደ 14 አድገዋል። ሳልፎርድ በገንዘብ ችግር ወጥቷል፤ ዮርክ፣ ቱሉዝና ብራድፎርድ ገብተዋል። ለኔ ትልቁ ዜና ብራድፎርድ ነው። ከ2014 ወዲህ ከላይኛው ሊግ ጠፍቶ ነበር። ከሊድስ ብራድፎርድ ከፒያሳ ቃሊቲ እንደመሄድ ነው፤ ጠባቸውም የጎረቤት ጠብ ነው። የፈረንሳይ ክለብ ሁለት ሆነ ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ። ይሁን፣ ጨዋታው ትንሽ አየር ያግኝ።

ያልተዋጠልኝ ላስ ቬጋስ ነው። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ሊድስ አምና ሦስቱንም ዋንጫ ከጠራረገው ሃል ኬአር ጋር አሜሪካ ሄዶ ይጫወታል። የሊግ ጨዋታ ነው፣ ነጥብ አለው። ዋልያዎቹ ብቁ ስታዲየም አጥተው «የሜዳችን ጨዋታ» እያሉ ሞሮኮ ሲጫወቱ ያየሁ ሰው ነኝ። እኛን ያሰደደን ማጣት ነው። እነዚህ ሜዳቸው ሞልቶ ወድደው ይሰደዳሉ። ጎረቤቴ ትኬቱን አሰሉና «ለዚህ ገንዘብ ጣሪያዬን አሳድሳለሁ» አሉ።

ያ የአምናው መቀማት ምን ነበር? መስከረም ላይ ጥሎ ማለፍ፣ ሄዲንግሊ፣ ከሴንት ሄለንስ ጋር። እየመራን ነው። የማብቂያው ጡሩምባ ተነፋ። በራግቢ ሊግ ግን ኳሷ እስካልሞተች፣ ማለትም የያዛት ሰው ተይዞ እስካልቆመ፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ሴንት ሄለንሶች ከእጅ ወደ እጅ አሻገሯት፣ አሻገሯት፣ መስመሩን አለፉ። 16 ለ 14 ተሸነፍን። አጠገቤ የቆመ የሴንት ሄለንስ ደጋፊ መጮህ ጀምሮ ጎረቤቴን ሲያይ ተወው። ትከሻቸውን ነካ አድርጎ ብቻ ሄደ።

ዘንድሮ ውድድሩ በተከፈተ በአራተኛው ቀን ዐቢይ ጾም ይገባል። ስታዲየም ያለው የሥጋ ፓይ ቀረ ማለት ነው። ድንች ጥብስ አለ እንዳልል፣ እሱም ጉድ አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰፈራችን ሱቅ ድንች እየገዛሁ በኩራት ጾምኩ። ዮርክሸር ውስጥ ድንች በበሬ ሞራ እንደሚጠበስ የነገሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ያውም እየሳቁ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው እሳቸውም ሳቁ።

ትናንት ጎረቤቴ በር አንኳኩተው «ጾምህ መቼ ነው የሚገባው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ታዲያ ያ የወፍ ምግብህ አለ?»

ቆሎው ከአዲስ አበባ በሰው እየመጣ ነው። ግማሽ ኪሎው የሳቸው ነው።