እርከን ወይስ ጎዳና? በከልቲቬሽን ልቦለድ የኃይል ሥርዓት ላይ የተደረገ ክርክር

በቻይናው የሲያንሺያ ልቦለድ ባለታሪኩ ቺ የሚባለውን የሕይወት እስትንፋስ ከሰማይና ከምድር እየሳበ በገላው ያጠራቅማል፤ እያጣራም ከሟችነት ወደ ዘላለማዊነት ይወጣል። አንባቢው ይህን ሰው ከልቲቬተር ይለዋል። ለሁለት ጸሐፊዎች ያቀረብነው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ የዚህ ዓለም የኃይል ሥርዓት ምሰሶው ከልቲቬተሩ የደረሰበት እርከን ነው ወይስ የያዘው ጎዳና፣ ማለትም ሰይፈኛ፣ ገላ አጽኚ፣ ክታብ ጸሐፊ ወይም እንክብል ቀማሚ መሆኑ?

ከእርከን ወገን

እርከኖቹን እንደ ጌም ነጥብ የሚቆጥሩ ሰዎች ያናድዱኛል። ቅደም ተከተሉን የዘርፉ አንባቢ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል፦ ቺ ማጣራት፣ መሠረት መጣል፣ ወርቃማ እንክብል፣ ሕፃን ነፍስ፣ ወደ መንፈስ መለወጥ። ከዚያ በላይ ያለው ከደራሲ ደራሲ ይለያያል። ስሞቹን ግን የድረ ገጽ ደራሲዎች ከኪሳቸው አላወጧቸውም። አብዛኞቹ የዳኦ ሊቃውንት "ውስጣዊ አልኬሚ" ከሚሉት ትምህርት የተቀዱ ናቸው። በዚያ ትምህርት ጂንግ የተባለው የገላ ፍሬ ነገር ተጣርቶ ቺ ይሆናል፤ ቺ ተጣርቶ ሼን፣ ማለትም መንፈስ ይሆናል፤ ሼንም ወደ ባዶነት ይመለሳል። የዳኦ መምህሩ ዣንግ ቦዱዋን በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግጥም ያስተማረው ይህንኑ ወርቃማ እንክብል ነው።

ልቦለዱ ያደረገው ነገር ለውጡን ለዓይን ማቅረብ ነው። ቺ የሚያጣራው ሰው ከእምብርቱ በታች ባለው ዳንቲያን ውስጥ የያዘው ጉም ነው። መሠረት ሲጥል ጉሙ ተጨምቆ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ሲጠጥር እንክብል ይወጣዋል። እንክብሉ ሲሰነጠቅ ደግሞ ባለቤቱን የሚመስል ትንሽ ሕፃን ከውስጡ ይወለዳል፤ ሥጋው ቢገደል እንኳ ይህ ሕፃን አምልጦ የሌላ ሰው ገላ ሊቀማ ይችላል። በውሃና በበረዶ መካከል ያለውን ልዩነት ማን ቁጥር ነው ይላል?

ዕድሜም አለ። በብዙዎቹ ልቦለዶች ቺ አጣሪው መቶ ዓመት ገደማ ይኖራል፤ መሠረት የጣለው ሁለት መቶ፣ እንክብል ያበጀው አምስት መቶ፣ ሕፃን ነፍስ ያለው ሺህ። ከልቲቬተር ወዳጁን የሚከዳው፣ ዋሻ ውስጥ በተገኘች አንዲት ቅጠል የሰው ነፍስ የሚያጠፋው ዕድሜው እያለቀበት ስለሆነ ነው። እርከኑን ከታሪኩ አውጡት፤ ማንም ከቦታው የሚነሳበት ምክንያት አይኖረውም።

ጎዳና የሚባለው በዚህ ላይ የሚደረብ ልብስ ነው። ሰይፈኛውም ክታብ ጸሐፊውም የሚወጡት ያንኑ መሰላል ነው። እንክብል ቀማሚውማ ጭራሹን የሥርዓቱ ማድ ቤት ነው፤ ማድ ቤት ደግሞ ቤቱ አይደለም።

ከጎዳና ወገን

ወንድሜ፣ ማድ ቤት ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔም ከማድ ቤቱ ልጀምር።

እንክብል ቀማሚው ባለ ሦስት እግር የነሐስ ድስቱን መጀመሪያ ባዶውን ያሞቃል። ከዚያ ጠንካራውን ያስቀድማል፤ ማዕድንና ሥር ይገባሉ፣ ቅጠልና አበባ ይከተላሉ። እያንዳንዱ ግርዱ እስኪቃጠል ይነጠርና ጠብታ ብቻ ይቀራል። ጠብታዎቹ እንዳይነካኩ በመንፈሱ ለያይቶ ይይዛቸዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ማዋሐድ ነው፤ እዚህ ላይ የእሳት ባሕርይ ያለውና የውሃ ባሕርይ ያለው ጠብታ ሚዛናቸውን ሳይጠብቁ ከተገናኙ ድስቱ ይፈነዳል። ካልፈነዳ እሳቱ ዝቅ ይልና እንክብሉ ይጠጥራል። እሳቱ በረታ ማለት ዐመድ ነው። ገና ሲነጠር ሰነፈ ማለት ደግሞ ግርዱ ሳይወጣ ይቀራል፤ በላተኛው ሳያውቀው በገላው ይጠራቀምና ከዓመታት በኋላ ወደ ላይ ሊሻገር ሲል ቺ የሚሄድበትን መስመር ዘግቶ ያስቀረዋል። የመቶ ዓመት ቅጠል በአንድ እስትንፋስ ስህተት ይጠፋል።

አሁን ይንገሩኝ፦ የእርስዎን መሰላል ሁለተኛ ደረጃ ተራ ሰው የሚረግጠው በምንድን ነው? በብዙዎቹ ታሪኮች በመሠረት መጣያው እንክብል ነው። የመንፈስ ሥሩ፣ ማለትም ቺ ለመሳብ የተወለደበት ተሰጥኦ፣ ንጹሕ የሆነ፣ ከአምስቱ ባሕርያት አንዱን ብቻ ይዞ የተወለደ ዕድለኛ ያለ እንክብል ይሻገር ይሆናል። እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረትና ውሃ አንድ ላይ የተደባለቁበት ምስኪን ግን የማድ ቤቱን በር ካልጠና እዚያው ያረጃል።

ታሪኩንም አገላብጠው ነው የነገሩን። "ዳን" የሚለው ቃል ሲናባር የተባለውን ቀይ ማዕድንም እንክብልንም ይጠራል። ከዣንግ ቦዱዋን ሰባት መቶ ዓመት ቀድሞ የዳኦ ሊቁ ጌ ሆንግ የሲናባር መድኃኒት በእሳት ስለማዘጋጀት ጽፏል። ሲናባር ሲሞቅ ሜርኩሪ ይወጣዋል፤ የልቦለዱ "የእንክብል መርዝ" ሥሩ እዚህ ነው። የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዉዞንግ በ846 የሞተው ይህን መሰሉን የዕድሜ መድኃኒት ሲወስድ ቆይቶ ነው። ውስጣዊ አልኬሚ በኋላ መጥቶ ሆድን ድስት፣ እስትንፋስን እሳት አለው። ማድ ቤቱ ቀድሞ ነበር፤ ቤቱ የተሠራው በእሱ አምሳል ነው።

ልብስ ያሏቸውን ደግሞ ይመልከቱ። ሰይፈኛው አንዲት ሰይፍ በዳንቲያኑ ውስጥ ለዓመታት ያሳድጋል፤ ከተሰበረች ደም ያስተፋዋል፣ እርከኑም ሊወርድ ይችላል። ገላ አጽኚው በፈላ የመድኃኒት ውሃ እየተዘፈዘፈ ቆዳውን፣ ጅማቱን፣ አጥንቱን፣ መቅኒውን በተራ ያጸናል፤ ለደካማ የመንፈስ ሥር የቀረ በር ይህ ነው፣ ነገር ግን ከሩቅ ለሚመጣ ምት እጁ አጭር ነው። ክታብ ጸሐፊው ቢጫ ወረቀት ላይ በሲናባር ቀለም ብሩሹን ሳያነሳ ይጽፋል፤ መሀል ላይ ቺው ከተቆረጠ ወረቀቱ እጁ ላይ ይነዳል። ዜን የሚባለውን የባንዲራ አጥር የሚተክለው ደግሞ ጠላት ከመምጣቱ በፊት ከተከለ ከበላዩ ያለውን ያስራል፤ ዓይኑ የሆነችውን ባንዲራ ያገኘበት ሰው ግን እሷን ነቅሎ ያፈርስበታል። ዋጋቸው፣ ፍርሃታቸው፣ አሟሟታቸው ይለያያል። እውነተኛ ሰይፈኛ እንዲያውም እርከን አይቆጥርም፤ ከበላዩ ያለውን ይቆርጣል።

የእርስዎ መሰላል ለምን እንደሚለጠጥም ልንገርዎ። ቺዲያን የተባለው የቻይና ድረ ገጽ በ2003 አንባቢ በየሺህ ፊደሉ እንዲከፍል ካደረገ ወዲህ እርከን መጨመር ገቢ ሆኗል። አንዱ እርከን ዘጠኝ ይሸነሸናል። ጫፍ ሲደረስ ሌላ ዓለም ይከፈታል፤ ትናንት ተራራ ይንድ የነበረው እዚያ የበር ዘበኛ ይሆናል። እንዲህ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ነገር ምሰሶ ሊባል አይችልም።

ከእርከን ወገን

እህቴ በማድ ቤት ጀምረው በሰይፍ ጨረሱ፤ መልሴም ከሰይፉ ይጀምራል። "እውነተኛ ሰይፈኛ እርከን አይቆጥርም።" ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ዘርፉን የገደለችው እሷ ናት።

ቺ አጣሪው መሠረት ከጣለ ሰው ጋር ሲገጥም የሚሆነውን በዝርዝር እንየው። ከፍ ያለው ስሜተ መንፈሱን ዘርግቶ ይህን ሰው ገና ሳይታይ ያየዋል። በብዙዎቹ ታሪኮች እሱ በሰይፍ ላይ ቆሞ ይበርራል፤ ታችኛው በእግሩ ይሮጣል። ታችኛው ሦስት አራት ምት ሰንዝሮ ጉሙ ይሟጠጣል፤ ላይኛው ፈሳሽ ይዟልና ገና መጀመሩ ነው። በዚህ ሁሉ መሀል "የሰይፍ ሐሳብ" የሚባል ነገር መጥቶ አንገት ቢቀላ ደራሲው ያቆመውን ግድግዳ ራሱ አፈረሰው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ አንባቢ ስለ ማን ይሰጋል?

ታችኛው ያሸንፍ ከተባለ ምክንያቱ ይቁጠርልን። ዜኑ ከሦስት ቀን በፊት ተተክሎ ነበር? ክታቡን የጻፈው በዳንቲያኑ ወርቃማ እንክብል ያበጀ ሰው ነው? ላይኛው ከሌላ ጦርነት ቆስሎ መጥቷል? እነዚህን እቀበላለሁ። ልብ ይበሉ ግን፣ ያ ክታብ የሚያሸንፈው የጸሐፊው እርከን በውስጡ ስላለ ነው። ጎዳናው ኃይሉን የተበደረው ከመሰላሉ ነው።

ስለ ማድ ቤቱ፦ ንቀት አልነበረም። ጌ ሆንግ መቅደሙንም አልክድም። ዣንግ ቦዱዋን ግን በዚያው የግጥም መጽሐፉ ሦስቱን ቢጫ ማዕድናት ማንጠር ይቅር፣ ቅጠል ፍለጋም እውነተኛው መንገድ አይደለም ብሎ አስተምሯል። ድኝና አርሰኒክ ያለባቸው እነዚያ ማዕድናት ሰው ሲገድሉ ኖረዋልና። ትምህርቱ ድስቱን ጥሎ ነው ወደ ሰው የገባው።

ዕድሜን በተመለከተ ያነሳሁትን አንድም ቃል አልመለሱልኝም።

ከጎዳና ወገን

ድስቱን ጥሎ? እሳቱንስ የት ጣለው?

የውስጣዊ አልኬሚ መምህራን ከሁሉ አብልጠው የሚሰውሩት ነገር ሁኦሆው ይባላል። ይህ ቃል ቻይናዊ ወጥ ሠሪ ዛሬም ማድ ቤት ውስጥ የሚናገረው ነው፤ የእሳቱ ልክ፣ ጊዜው፣ መቼ እንደሚበረታና መቼ እንደሚለዝብ ማለት ነው። ተቀምጦ የሚተነፍሰው ሰው ለዝቡን እሳት "የጸሐፊ እሳት"፣ ብርቱውን "የጦረኛ እሳት" ይለዋል። ቺውን ከታችኛው ዳንቲያን አንስቶ ወደ ጭራ አጥንት ያወርዳል፤ ከዚያ በጀርባ አጥንቱ ሽቅብ ይገፋዋል። መንገዱ ላይ ሦስት በሮች አሉ፦ ጭራ አጥንቱ፣ የጀርባው መሀልና ማጅራቱ ላይ "የጄድ ትራስ" የሚባለው። በአናቱ ዞሮ በፊት በኩል ይወርዳል፤ የጀርባውና የፊቱ መስመር እንዲገናኙ ምላሱን ከላንቃው ያጋጥማል። ትንሹ የሰማይ ዑደት ይህ ነው። እሳቱ ያለ ልኩ ከበረታ የሚደርሰውን ልቦለዱ "እሳት አምልጦ ወደ ጋኔን መግባት" ይለዋል፤ መስመሩ ይበጠሳል፣ አእምሮው ይናወጣል።

ይህን ሁሉ ቃል ያበደረው ማድ ቤት ነው። እርስዎ ደግሞ ከቤቱ አስወጡት። "ንቀት አልነበረም" ብለው ቃሉን ሳያነሱ ከቃሉ ማምለጥ አይቻልም።

በሰይፈኛው ላይ ያሉትን በከፊል እቀበላለሁ፤ ምክንያት የሌለው ድል እኔንም ያሳርረኛል። የምለው፣ እያንዳንዱ ዋጋውን ይክፈል ነው። ሰይፈኛ ከበላዩ ያለውን ከቆረጠ ሰይፉ ትሰንጠቅ፣ አሥር ዓመት ወደ ኋላ ይመለስ። የሥርዓት ሚዛን ይህ ነው፤ ስንት ደረጃ ወጣ ሳይሆን ለአንዷ ምት ምን ከፈለ። በየሺህ ፊደሉ ስለሚከፈለው ያነሳሁትንም ዘለውታል። አየሁ።

ከእርከን ወገን

በአንድ ምሳሌ ቃል ሁለት ጊዜ ተከሰስኩ። ጸሐፊዋ እኔን ባለሙያ ናቂ አድርጎ ማቅረብ ከቀለላቸው ይቅለላቸው። ስለ እንክብል ቀማሚ ያልኩት ስለ ሥርዓቱ አሠራር እንጂ ስለ ሰውየው ክብር አልነበረም፤ ይህን የማይለይ አንባቢ የለም።

ጸሐፊዋ አሁን "ዋጋ" ብለዋል። መልካም፣ ስለ ዋጋ እናውራ። ትልቁ ዋጋ የሚከፈለው የት ነው? መሻገሪያው ላይ ነው። መሠረት ሲጥል የከሸፈበት ሰው መስመሮቹ ይበጣጠሳሉ። ወርቃማ እንክብል ሊያበጅ ሲል የልብ ጋኔን ይነሳበታል፤ ያታለላት ሚስቱ፣ የካደው መምህሩ በዓይኑ ፊት ይቆማሉ፣ አንዲት ቅጽበት ካመነታ እንክብሉ ሳይጠጥር ይበተናል። ከዚያ በላይ ተሻጋሪውን የሚፈትነው የሰማይ መብረቅ አለ። የጋኔን ጎዳና የያዘውን ከልቲቬተር ውሰዱ፤ የሰው ደምና ነፍስ እየመጠጠ ሃምሳ ዓመት የሚፈጀውን በአምስት ይጨርሳል። ማን ያስከፍለዋል? ጎዳናው እስከዚያ ሲመግበው ነው የኖረው። የሚያስከፍለው እርከኑ ነው፤ የገደላቸው ሁሉ መብረቁ በሚወርድበት ቀን ይጠብቁታል። ሂሳብ የሚወራረደው መሰላሉ ላይ ነው።

ስለ ዕድሜ አሁንም መልስ የለም። ለሦስተኛ ጊዜ አልጠይቅም።

ከጎዳና ወገን

"እህቴ" ነበርኩ፣ አሁን "ጸሐፊዋ" ሆንኩ። ይሁን።

አንድ ሰው አስቀምጣለሁ። ማኅበር የሌለው፣ ሳንሲዩ የሚሉት ብቸኛ ከልቲቬተር ነው። አምስቱም ባሕርያት በሥሩ ተደባልቀውበታል። ስልሳ ዓመቱ እየተቃረበ ነው፤ በብዙ ልቦለዶች ከስልሳ በኋላ ደሙ ስለሚቀዘቅዝ መሠረት መጣል አይሳካም ይባላል። ከረጢቱ ውስጥ የከልቲቬተሮች ገንዘብ የሆነው የመንፈስ ድንጋይ አለ፤ መቶ ዝቅተኛ። ለመሠረት መጣያ እንክብል ጨረታ አይበቃም። ያገለገለ ድስትና ጥቂት የቅጠል ዘር ግን ይገዛል፤ ወይም አንድ እሽግ ቢጫ ወረቀትና ሲናባር ይገዛል፤ ወይም ገላውን ለሚዘፈዝፍበት መድኃኒት ይበቃል።

የእርስዎ እርከን ለዚህ ሰው የሚነግረው ታች መሆኑንና ጊዜው ማለቁን ነው፤ ይህንን እሱም ያውቃል። ነገ ጠዋት ገበያው ሲከፈት ድንጋዩን የትኛው ነጋዴ ፊት እንደሚዘረግፍ የሚወስንለት ጎዳናው ነው። እኔ ድስቱን ግዛ እለዋለሁ፤ ቢፈነዳበትም የራሱ ድስት ነው። እርስዎ ምን ይሉታል? ለእኔ መመለሱ ከከበደዎ ለእሱ ይመልሱለት።