ጣና ላይ የሚዋኝ ሰው ምን ዓይነት ሰዓት ይግዛ?

ባለፈው ሳምንት አብሮን የሚዋኝ አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊ ካምፓስ ተማሪ ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እህቴ ከዱባይ ስማርት ሰዓት ልትልክልኝ ነው። ወደዚህ የሚመጣ ሰው አግኝታለች። የትኛውን ልበላት?» አለኝ። ስልኩ ላይ አራት ፎቶዎች አሉ። አራቱም ያምራሉ። አራቱም ሥር «ጂፒኤስ አለው፣ ውሃ አያስገባም» የሚል ተጽፏል። አንድ በአንድ አየናቸው። ለእሱ የሚሆነው አንዱ ብቻ ነበር።

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ስለምሰማ ያለኝን ሐሳብ በጽሑፍ ላስቀምጠው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከዶላር አንጻር የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። እህት በሰው አገር ለፍታ የምትልከው ገንዘብ በማይሆን ዕቃ ላይ ሲባክን ማየት ያመኛል።

አቋሜ ይህ ነው። ገንዳ ውስጥ ብቻ የምትዋኙ ከሆነ ለጂፒኤስ፣ ቦታን በሳተላይት ለሚለየው ማለቴ ነው፣ ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ። ሐይቅ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ጂፒኤስ መኖሩ ብቻውን አይበቃችሁም።

ከገንዳው ልጀምር። ገንዳ ውስጥ ሰዓቱ ሳተላይት አይፈልግም። የገንዳ ዋናን ስትመርጡ ጂፒኤሱን ራሱ ይተወዋል። ርቀቱን የሚያውቀው የእጃችሁን እንቅስቃሴ በሚለካ ሴንሰር ነው። ግድግዳውን በእግራችሁ ገፍታችሁ ስትወነጨፉ ለውጡ ይሰማዋል። «አንድ ጊዜ ተሻገረ» ብሎ ይይዛል። ከዚያ የተሻገራችሁትን ብዛት በገንዳው ርዝመት ያባዛል። የገንዳውን ርዝመት የምትነግሩት ግን እናንተ ናችሁ።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ባሕር ዳር የምንዋኝባቸው ገንዳዎች በአብዛኛው የሆቴል ናቸው። እንግዳ እንዲዝናናባቸው እንጂ ለውድድር የተሠሩ አይደሉም። አንዱ የኩላሊት ቅርጽ አለው፣ ሌላው አንድ ጫፉ ላይ ለልጆች ተብሎ ይጠባል። ሰዓቱ ደግሞ ካልነገራችሁት በቀር 25 ወይም 50 ሜትር ገንዳ ነው የሚመስለው።

እኔ ሁለት ወር ሙሉ 1,000 ሜትር እዋኛለሁ ብዬ አምኜ ነበር። አርባ ጊዜ እሻገራለሁ፣ ሰዓቱ 1,000 ይላል፣ ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። አንድ ቀን ከግንበኛ ጎረቤቴ ሜትር ተውሼ ሄድኩ። የገንዳው ሠራተኛ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ፣ እኔ ሌላውን ይዤ ዳር ዳሩን ሄድኩ። 18 ሜትር። አርባ ጊዜ 18 ማለት 720 ነው። 280 ሜትር ያልዋኘሁትን ዋና ስቆጥር ከርሜያለሁ። ሰዓቱ አልዋሸም። 25 ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለገንዳ ሰዓት ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ርዝመቱን ራሴ ማስገባት እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ነው። ምርጫው 25 እና 50 ብቻ የሆነ ሰዓት ለእኛ ገንዳዎች አይሆንም። ደግሞም እግር ብቻ ስትለማመዱ፣ ሰሌዳ ይዛችሁ ማለቴ ነው፣ ክንዳችሁ ስለማይቀዝፍ ሰዓቱ በትክክል አይቆጥርላችሁም። ያንን በእጅ የሚያስመዘግብ ሰዓት ካገኛችሁ እሰየው።

«ስዎልፍ» የሚል ቁጥርም ታያላችሁ። አንዱን ርዝመት ለመሻገር የፈጀባችሁ ሰከንድና የቀዘፋችሁት ብዛት ድምር ነው። በ30 ሰከንድና በ20 ቀዘፋ ከተሻገራችሁ 50 ይላችኋል። ሲቀንስ ዋናችሁ እየተሻሻለ ነው። ግን የ18 ሜትሩን ገንዳ ውጤት ከሌላ ከተማ ጓደኛችሁ የ25 ሜትር ውጤት ጋር አታወዳድሩት።

ሐይቁ ሌላ ነገር ነው። ጣና ላይ የሚገፋ ግድግዳ የለም። ሰዓቱ ያለው ተስፋ ሳተላይት ብቻ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። ምልክታቸው ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ይመጣና ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ያስቀረዋል። እጃችሁ ውሃ ውስጥ በገባ ቁጥር የሰዓቱ ዓይን ይታሰራል ማለት ነው።

በነፃ ቀዘፋ፣ ፍሪ ስታይል በምንለው፣ እጅ በየቀዘፋው ከውሃ ይወጣል። በዚያች አፍታ ሰዓቱ ሰማዩን ያይና ያለበትን ቦታ ይይዛል። የሐይቅ ዋና ፕሮግራም ያለው ሰዓት ይህን አውቆ ነው የተሠራው። እጅ ሲወጣ ያገኘውን ይይዛል፣ የሳተውን ነጥብ ይጥላል፣ መሃሉን ገምቶ ይሞላል። ፕሮግራሙ የሌለው ሰዓት ጂፒኤስ ቢኖረውም እንኳ የሩጫውን ሂሳብ ይዞ ውሃ ይገባል። ውጤቱ የተመሰቃቀለ መስመር ነው።

ደረት ቀዘፋ ላይ ደግሞ እጅ ከውሃ የሚወጣበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን የምንዋኘው ደግሞ እንደዚያ ነው። አንድ ጓደኛዬ ከዳር ዳር ዋኝቶ ሲወጣ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። መስመሩ ከውሃው ይወጣል፣ የብስ ላይ ዛፎቹን ያቋርጣል፣ ተመልሶ ሐይቅ ይገባል። መሃል ላይ ሳተላይቱ ስለጠፋበት ሰዓቱ ሁለቱን ነጥቦች በቀጥታ አገናኝቷቸዋል። ሰውየው በዚያ ጠዋት አንዴም መሬት አልረገጠም።

ለዚህ መላ አለው። ሰዓቱን ከእጅ አውልቆ የዋና ቆብ ሥር ማድረግ፣ ወይም ከወገባችን ጋር አስረን ከኋላችን የምንጎትተው ተንሳፋፊ ባሎን አናት ላይ ማሰር። ቀዘፋችሁን አይቆጥርላችሁም፣ መስመሩ ግን ይቃናል። ያ ጓደኛዬ አሁን እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ሳትገቡ በፊት ደግሞ ዳር ቆማችሁ ሰዓቱ ሳተላይት እስኪይዝ ጠብቁ። ይህ እኛ ጋ ከሌላ ቦታ የበለጠ ዋጋ አለው። አዳዲሶቹ ሰዓቶች ሳተላይቶቹ የት እንደሚገኙ የሚናገር መረጃ ቀድመው በስልክ ከኢንተርኔት ያወርዳሉ። ያ መረጃ ለጥቂት ቀናት ይሠራል፣ ከዚያ ያረጃል። ኢንተርኔት ጠፍቶ ሲሰነብት፣ ባሕር ዳር ላለ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ሰዓቱ መረጃውን ከራሱ ከሳተላይቱ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። ሳተላይቱ ደግሞ የቦታ መረጃውን በየ30 ሰከንዱ ነው የሚደጋግመው። አንዱ ቃል ካመለጠ እንደገና መጠበቅ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታግሶ መቆም ነው። ቸኩሎ የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹ መቶዎች ሜትሮች ይቀሩበታል።

በዚሁ ላይ ስልክና ኢንተርኔት ከሌለ ምንም የማያሳይ ሰዓት አትግዙ። የዋኛችሁትን ራሱ ላይ አስቀምጦ ኔት ሲመጣ የሚልክ ይሁን። ባትሪውም እንደዚያው። የአፕል ዎች መደበኛው ሞዴል እስከ ሲሪስ 10 ድረስ አምራቹ ራሱ በአንድ ቻርጅ 18 ሰዓት ይቆያል ነበር የሚለው። በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል። መብራት ማታ ሄዶ ጠዋት ካልመጣ ዋናው ያለ ሰዓት ነው። ከሳምንት በላይ የሚቆዩት ለእኛ ይሻላሉ።

ቁልፍ ያለው ሰዓት ምረጡ። እርጥብ ስክሪን ጣትን ከውሃ ጠብታ አይለይም። ሐይቅ መሃል ላይ ቆም ብላችሁ በረጠበ ጣት ስክሪን ስትነካኩ ማዕበሉ ፊታችሁን ይመታል። በቁልፍ ግን ሳታዩ ትጀምራላችሁ፣ ሳታዩ ታቆማላችሁ። በየ500 ሜትሩ እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ማየት አያስፈልግም።

ውሃ አያስገባም የሚለውን በተመለከተ፣ የውሃ ግፊት መቋቋሙን የሚያሳየውን «5 ኤቲኤም» ወይም «50 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። «አይፒ68» ብቻ የተጻፈበትን ለዋና አታምኑት። የጣና ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው፣ እኛም ወደ ታች አንጠልቅም። ግን እጅ ውሃውን በመታ ቁጥር ሰዓቱ ላይ ጫና አለ። አይፒ68 የሚለካው ደግሞ ዕቃው ሳይንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ነው።

የልብ ምትን ብዙ አታስቡበት። ሰዓቱ የሚያነበው በብርሃን ነው፣ በቆዳና በሰዓቱ መሃል ውሃ ሲገባ ይሳሳታል። ከምር የሚፈልግ ሰው መረጃውን ራሱ ላይ ይዞ ቆይቶ ከውሃ ሲወጣ የሚያስተላልፍ የደረት ቀበቶ ይግዛ። ብሉቱዝ ውሃ ውስጥ አይሄድም።

አሁን ወደ ልጁ አራት ፎቶዎች ልመለስ። የመጀመሪያው ጋርሚን ፎርራነር 55 ነው። በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ ጥሩ የሩጫ ሰዓት ነው፣ ጂፒኤስ አለው፣ የገንዳ ዋናም አለው። የሐይቅ ዋና ግን የለውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከዚሁ ቤት ፎርራነር 165 ሁለቱንም ይዟል። ሁለተኛው አፕል ዎች ነው። ሐይቅም ገንዳም ያውቃል፣ ግን ያለ አይፎን አይሠራም፣ ልጁ ደግሞ የያዘው ቴክኖ ነው። ሦስተኛው ኮሮስ ፔስ 3። በ2023 ሲወጣ ዋጋው 229 ዶላር ነበር። ሁለቱም ዋና አለው፣ ቀላል ነው፣ ባትሪው ይቆያል፣ ከአንድሮይድም ከአይፎንም ጋር ይሠራል። እሱን በላት አልኩት። ሁለት ዓይነት የሳተላይት ምልክት የሚይዝ መሆኑን ሻጩ እንደ ትልቅ ነገር ጽፎት ነበር። ያ በፎቆች መሃል ለሚሮጥ ሰው ይጠቅማል። ጣና ላይ ግን ሰማዩ ክፍት ነው፣ ለእሱ ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ።

አራተኛው አፕል ዎች አልትራ የሚመስል ኮፒ ነበር። ከሁሉም ይረክሳል። ይህን ዓይነቱን ሰዓት ብዙ ሰው እጅ ላይ አይቻለሁ። ጂፒኤስ ተጽፎበት ውስጡ የሌለ አለ። እርምጃ ቆጥሮ ርቀት ይገምታል፣ ወይም የስልካችሁን ጂፒኤስ ይበደራል። መሞከሪያው ቀላል ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ስልካችሁን ቤት ትታችሁ ሰዓቱን አስሩና በብስክሌት ተሻገሩት። እጃችሁ መሪው ላይ ስለሆነ የሚቆጠር እርምጃ የለም። ማዶ ስትደርሱ ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ካሳየ ጂፒኤሱ እውነተኛ ነው። ዜሮ ካለ ወይም 30 ሜትር ካለ ለሻጩ መልሱለት።

አንድ የማልደብቀው ነገር አለ። ከሰዓቱ በፊት ሌላ ዕቃ መግዛት አለባችሁ፤ ከወገብ ጋር በገመድ የሚታሰረውን ተንሳፋፊ ባሎን። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ የሞተር ጀልባዎች ጠዋት ጠዋት ይመላለሳሉ። ከጀልባ ላይ የዋናተኛ ጭንቅላት ከማዕበሉ አይለይም። አንድ ጀልባ ነጂ «ወንድሜ፣ እኛ የምናየው ቀለም ነው፣ ሰው አይደለም» ብሎኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ባሎን ገብቼ አላውቅም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል አትዋኙ፣ የጉማሬ ቦታ ነው። ጉማሬ ሌሊት ዳር ወጥቶ ሲግጥ አድሮ ማለዳ ላይ ወደ ውሃ ስለሚመለስ ፀሐይ በደንብ ሳትወጣ አትግቡ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሳል። እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብተን ከ4 ሰዓት በፊት እንወጣለን። ቢልሃርዚያም አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፣ ቀንድ አውጣው ደግሞ ሣር ያለበትን ጥልቀት የሌለውን ዳር ይወዳል። በጀልባ ወጣ ብሎ መግባት ይሻላል፣ ግን ዋስትና አይደለም። በየጊዜው ተመርመሩ፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

ልጁ እዚያው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ለእህቱ ጻፈላት። ሦስተኛውን ፎቶ ላከ። ከሥሩ ደግሞ «ገንዘብ ከተረፈሽ የዋና ባሎን ጨምሪበት፣ ካልበቃሽ ሰዓቱ ይቆይና ባሎኑን ላኪ» አላት። ትንሽ ቆይታ መለሰች።

«ባሎኑ ምን ዓይነት ቀለም?»

ብርቱካናማ አልናት።