ከዘፋኙ ጀርባ የቆሙት

ዋሽንግተን የኖረ ሐበሻ ሁሉ ዩ ስትሪትን ያውቃል። እንጀራና ቡና የሚሸትበት ሰፈራችን ነው። ከዚያ ትንሽ ወረድ ሲሉ ቪ ስትሪት ላይ ናይን ሰርቲ የሚባል የሙዚቃ ክለብ አለ። እኔ በዚያ አካባቢ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ለዓመታት የማታ ሺፍት ሠርቻለሁ። ማን እንደሚጫወት የማውቀው ከሚገቡት መኪኖች ነበር። ሂፕ ሆፕ ሲሆን አንድ ዓይነት ወጣት ይመጣል፣ ሮክ ሲሆን ሌላ ዓይነት።

የ2011 ጃንዋሪ ግን ግራ ገባኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የመጡት ልጆች አልነበሩም። ሠላሳዎቹን ያገባደዱ፣ ፀጉራቸው መሸሽ የጀመረ፣ ከኋላ ወንበር የሕፃን መቀመጫ የጫኑ ሰዎች ናቸው። ታርጋው የሜሪላንድ ነው፣ የቨርጂኒያ ነው፣ የኒውዮርክም አለበት። አንዱ ከመኪናው ሳይወርድ የቢሮ ጫማውን አውልቆ ያረጀ ሸራ ጫማ አጠለቀ። ማሰሪያውን ሲያስር እጁ ይንቀጠቀጣል። ብርዱ መስሎኝ ነበር። «ዛሬ ማነው የሚዘፍነው?» አልኩት። «ፕላን ተመልሰዋል!» አለኝ። የሰው ስም አልነገረኝም። የነገረኝ የባንድ ስም ነው።

ባንዱ ሙሉ ስሙ ዲስሜምበርመንት ፕላን ነው። 1993 እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ የተመሠረተ፣ የከተማው የራሱ ልጅ የሆነ ባንድ ነው። እነሱ ኢንዲ ይሉታል፣ ትልልቅ ኩባንያ ያልያዘው፣ በራሱ እግር የቆመ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ትልቅ ኩባንያ ወስዷቸው ነበር። አልበማቸውን በኩባንያው ገንዘብ ከቀረጹ በኋላ ተለያዩ። 1999 ላይ ያንኑ አልበም ያወጣላቸው ዴሶቶ የተባለ የዋሽንግተን ትንሽ አሳታሚ ነው። ስማቸውን ያስጠራው እሱ ሆነ። 2003 ላይ በቃን አሉ። በሴፕቴምበር 1 እዚያው ናይን ሰርቲ ላይ የመሰናበቻ ኮንሰርት አደረጉና ተለያዩ። ማንም አላባረራቸውም፣ ማንም አላሰራቸውም። ደከማቸው፣ ሌላ ኑሮ አማራቸው።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሥራ ስሰማ ገርሞኛል። የባንዱ ድምፃዊ ትራቪስ ሞሪሰን ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ቤት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ ሆነ። ድራሙን የሚመታው ጆ ኢዝሊ የናሳ መሐንዲስ ሆነ። ለነገሩ ሌሊት መድረክ፣ ቀን ቢሮ እዚህ አገር የተለመደ ነው። ሰው ሙዚቃ ካቆመ ሌላ ሰው ይሆናል፣ ቤቱም ከተማው ውስጥ ይቆያል። ስልኩ ሲደወል ያነሳል።

ስልኩ መጀመሪያ የተደወለው ለዝና አልነበረም። አልበማቸውን ሲቀርጹ አብሯቸው የሠራ ሙዚቀኛ ሕፃን ልጁ ከባድ የጡንቻ በሽታ እንዳለበት ታወቀ። ሕክምናው ገንዘብ ይፈልጋል። እነዚህ ተለያይተው የነበሩ ሰዎች 2007 ላይ ተሰባስበው ፎርቲንዝ ስትሪት ላይ ባለው ብላክ ካት በሚባል ክለብ ሁለት ምሽት ለልጁ ተጫወቱ። ይህን ስሰማ የባዕድ አገር ወሬ አልመሰለኝም። የታመመ ሲኖር ቂሙንም ድካሙንም አቆይቶ መምጣት እኛም ያደግንበት ነው። በ2011ዱ የሰማሁት ደግሞ ያ የ1999 አልበም በሸክላ እንደገና ሲታተም ተሰባስበው ከከተማ ከተማ የዞሩበት ነው።

በማግስቱ እረፍቴ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ትርፍ ቲኬት ይዞ መጣና «ና እንግባ» አለኝ። ገባሁ። ሙዚቃው ለጆሮዬ እንግዳ ነው። ምቱ ይሰባበራል፣ ይቆማል፣ ድንገት ይፈነዳል። እኔ ግን አብዝቼ ያየሁት ሰውን ነው። አጠገቤ ያለው ሰው ዓይኑን ዘፋኙ ላይ አልተከለም። የቤዝ ጊታር ተጫዋቹን ጣቶች ይከተላል። አንዱ ጩኸቱን አቋርጦ የድራመሩን ስም ይጠራል፣ ሌላው የጊታሪስቱን። ስማቸውን ሁሉም ያውቃል! አራቱንም! ወደ መጨረሻው አንድ ዘፈን ሲጀመር ደግሞ ተመልካቹ መድረክ ላይ መውጣት ጀመረ። የቆየ ልማዳቸው ነው አሉኝ። ወንዱም ሴቱም ወጥቶ በባንዱ መካከል ይደንሳል። ቅድም ሸራ ጫማ እንዳጠለቀው ዓይነት አንድ መላጣ ሰውዬ ድራሙ አጠገብ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት። እያለቀሰ ይዘላል።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኛስ ማንን ነው እንዲህ የምንጠብቀው? ዘፋኝ እንጠብቃለን። ዘፋኛችን ከሄደበት ሲመለስ ስታዲየም እንሞላለን። ባንድ ግን ጠብቀን እናውቃለን?

ቋንቋችን ራሱ ይናገራል። ድምፃዊውን ድምፃዊ እንለዋለን። ከኋላው ያሉትን ሁሉ ጠቅልለን «አጃቢ» እንላቸዋለን። ሰው የሚያጅበው ሙሽራን ነው፣ ባለሥልጣንን ነው። አጃቢ ስሙ አይጠየቅም። ቃሉ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ በክፋት የሚለውም የለም። ግን ቃሉን ስንለው ስንለው ሰዎቹን ረሳናቸው።

ዋልያስ ባንድን እንያቸው። ከእነሱ በፊት በአገራችን ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የመንግሥት ነበሩ፣ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የቴአትር ቤት። በክለብም ቢሆን መሣሪያው የክለቡ ባለቤት ንብረት ነው። ተጫዋች ከባለቤቱ ጋር ከተጣላ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያሶች ግን የሙዚቃ መሣሪያቸውን ራሳቸው ገዙ። ፈረንጆቹ ኢንዲ የሚሉት ይኸው ነው፤ የእኛዎቹ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ላይ አድርገውት ነበር። ሒልተን ሆቴል ዋና ቤታቸው ሆነ። ሰዓት እላፊ በነበረበት ዘመን ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ሙዚቃው እስከ ንጋት ይዘልቅ ነበር። 1977 ላይ «ቼ በለው» የሚለውን የመሣሪያ ሙዚቃ ብቻ የያዘ ሸክላ አወጡ። ድምፃዊ የሌለበት! «ሙዚቃዊ ስልት»ን እዚያ ላይ ነው የምናገኘው። ዛሬ የዓለም ሙዚቀኛ ሁሉ እየወሰደ የሚጫወተው ዜማ ነው።

1981 ላይ ወደ አሜሪካ መጡ። ለትርዒት የመጣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ይባላሉ። ተመልካቹ በአብዛኛው ስደተኛ ሐበሻ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ አራቱ ቀሩ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬ። ሌሎቹ ተመለሱ። የመለያያ ኮንሰርት የለም። ማስታወቂያ የለም። ባንዱ በውቅያኖስ ተከፈለ። ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ለመውጣት የመውጫ ፈቃድ የሚባል ነበር፣ የወጣም በቀላሉ አይመለስም። የቀሩት እዚህ ዙላ ባንድ የሚል አቋቁመው ተጫወቱ። ሊያዛልቃቸው ግን አልቻለም።

ልዩነቱን እዚህ ላይ ነው የማየው። ዲስሜምበርመንት ፕላን ሲበተን ከተማው አልተበተነም። ክለቡ አለ፣ ሸክላው አለ፣ ሃያ ዓመቱ ላይ የሰማቸው ልጅ አድጎ ደሞዝ ይዞ ይጠብቃቸዋል። ሊሰባሰቡ ሲፈልጉ የሚሰባሰቡበት ቦታ በነበረበት ቆሟል። ዋልያስ ሲበተን የሚሰማውም ሰው አብሮ ተበተነ። አዳማጩ ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ሱዳን ገባ፣ ግማሹ እንደኔ ፓርኪንግ ውስጥ ቆመ።

ግርማ በየነን አስቡ። ብዙ የምንወዳቸውን ዘፈኖች ያቀናበረ ሰው ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ነዳጅ ማደያ ሠራ። ምናልባት ሐበሻ ነዳጅ ቀድቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ በመኪናው ሬዲዮ እሱ ያቀናበረውን ዘፈን እየሰማ ሄዷል። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ኃይሉ መርጊያም ታክሲ ነዳ። ደለስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከታክሲው የዕቃ መጫኛ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። ጣቱ እንዳይረሳ።

ፈልገው ያገኟቸው እኛ አይደለንም። ኃይሉ 1985 ላይ እዚሁ ብቻውን የቀረጸውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ገዛው። ሰምቶ አልቻለም፣ ሰውዬውን ፈልጎ ደወለለትና 2013 ላይ እንደገና አሳተመው። ግርማም ወደ አገሩ ተመልሶ ከቆየ በኋላ አካሌ ውቤ ከሚባል የፓሪስ ባንድ ጋር ሠራ፣ አልበማቸው 2017 ላይ ወጣ። እነዚህን ፈረንጆች አመሰግናለሁ። እነሱ ባይኖሩ እኔም አልሰማም ነበር። ግን ባሕር ዳር ያ ካሴት የተሸጠበት ሱቅ ደጃፍ ስንቶቻችን አልፈናል?

ኃይሉን በኋላ እዚህ ዋሽንግተን ሲጫወት አየሁት። ከሁለት ሰዎች ጋር ነው የሚሠራው፣ ቤዝ ላይ ዓለምሰገድ ከበደ፣ ድራም ላይ ኬን ጆሴፍ። አዳራሹ በፈረንጅ ወጣት ተሞልቷል። ሐበሻው ጥግ ጥጉን ነን። አኮርዲዮኑን ሲያነሳ ፊት ያሉት ልጆች ጮኹ። ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ነው። አጠገቤ የነበረች እዚሁ የተወለደች የእኛ ልጅ «አባቴ እኮ ይሄን ዜማ ያፏጫል፣ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም» አለችኝ።

የእኛን የበዓል ዝግጅቶች ደግሞ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ፖስተሩ ላይ የዘፋኙ ፊት ሙሉውን ይይዛል። የፕሮሞተሩ ስልክ አለ፣ የስፖንሰሮቹ ስም አለ። የሚጫወቱት ሰዎች ስም የለም። ብዙ ጊዜ ተጫዋቾችም የሉም፣ አንድ ኪቦርድ ሁሉንም ይሆናል። ወጪ ነው ይላሉ፣ ይገባኛል። ለአምስት ሰው የአውሮፕላን ቲኬትና ቪዛ ቀላል አይደለም። ግን እኛም አንጠይቅም። ለዘፋኙ የምንሸልመውን ዶላር አንድ ጊዜ ድራመሩ ግንባር ላይ ብንለጥፍለትስ?

አገር ቤትም ቦታው አይበረክትም። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ ጃዛምባ የሚባል ቤት ነበር። ወጣቱ ተቀምጦ የድሮ ሙዚቃ በሕያው ባንድ የሚሰማበት። ጥር 2007 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2015) ሆቴሉን እሳት ሲበላው አብሮ ሄደ። ከሁለት ዓመት በፊት ለእረፍት ስገባ ፒያሳ ቆሜ አንድ ወጣት «ጃዛምባ የት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ስሙንም አልሰማም። ልጁ አያጠፋም፣ ማንም አልነገረውም። ናይን ሰርቲም እኮ መጀመሪያ ሌላ ሰፈር ነበር፣ 1996 ላይ ነው ቪ ስትሪት የገባው። ግን ስሙን ይዞ፣ ታሪኩን ይዞ፣ ሰዉን ይዞ ሄደ።

ባለፈው ሰሞን አዲስ አበባ ላለው አጎቴ ደወልኩ። ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በወጣትነቱ ሒልተን ይገባ እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች።

«ጋሼ፣ ዋልያስ ላይ እነማን ነበሩ?» አልኩት።

«ምን አስታወሰህ አንተ ልጅ» አለኝ። ዝም አለ። ከዚያ ቀስ እያለ ጀመረ። ኦርጋኑ ኃይሉ። ፒያኖ ግርማ በየነ። ሳክስፎን ሞገስ፣ እሱ ዋሽንትም ይነፋል። ቤዝ መላከ። መለከት ዮሐንስ ተኮላ። ድራም ተማረ ሀረጉ። በእያንዳንዱ ስም መካከል ምን ይለብሱ እንደነበር፣ የትኛው ዝምተኛ፣ የትኛው ሳቂታ እንደሆነ ይነግረኛል። ድምፁ ወጣት ሆነ።

«ጊታሩስ?»

«ጊታሩ... ቆይ። ቆይ፣ አለ እኮ... ጠፋኝ። ይኸው አፌ ላይ ነው!»

«ግድ የለም ጋሼ» ብዬ ተሰናበትኩት። የጤናውን ነገር ሳልጠይቀው እንደቀረሁ ትዝ ያለኝ ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ተኝቼ ስልኩ ጮኸ። እዚህ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ነው። የአገር ቤት ቁጥር ስለሆነ ልቤ ቆመ። በዚህ ሰዓት የሚደወል መርዶ ነው። አነሳሁት።

«ማህሙድ!» አለኝ ሰላምታም ሳይሰጠኝ። «ማህሙድ አማን! ጊታሩ ማህሙድ አማን ነው። ጻፈው!»

መብራት አብርቼ ጻፍኩት።