ህሊናዬ ንጹሕ ነው ላሉን ሁሉ፣ ምስጋና

መመሪያ፣ ኦዲት፣ የጥቅም ግጭት ምናምን የሚባለው ጣጣ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። ንጹሕ ህሊና ያለው ሹም እያለ!

ሰውየውን ታውቁታላችሁ። የጨረታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የእህቱ ባል ነው። ደካማ ሰው ቢሆን «ይቺን ጉዳይ ሌላ ሰው ይያት» ብሎ ከስብሰባው ይወጣ ነበር። የእኛ ሰው ግን ጉሮሮውን ጠራረገና «ዝምድናው እንዳለ ሆኖ፣ እኔ የምሠራው በህሊናዬ ነው» አለ። በቃ፣ ተዘጋ።

የዚህች ንግግር ጥበብ የምትገባው ለመቃወም ሲሞከር ነው። ጥያቄው «ማን ይወስን?» የሚል ነበር። አሁን «ሰውየው ሌባ ነው ወይ?» ሆኗል። እጁን የሚያወጣ ሰው የሰው ስም አጥፊ ሊባል ነው። ስለዚህ ማንም አያወጣም። ሁሉም ወረቀቱን ያገላብጣል፤ ቃለ ጉባኤው ላይም «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ይጻፋል። ሰብሳቢው እኮ የሚቃወመውን ሰው ይቅር ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። ዕድሉን ነፈጉት።

እኛም ከውጭ እናግዘዋለን። «እሱማ የሰው ሐቅ አይነካም» እንላለን። «ዓይኑን አይቶ መመስከር ይቻላል» እንላለን። ዓይኑ ከታየ በኋላ ሰነዱን ማገላበጥ ትርፍ ድካም ነው።

ታሪክ ግን ለንጹሕ ህሊና ሲበዛ ጨካኝ ነው። ፍራንሲስ ቤከን የእንግሊዝ ሎርድ ቻንስለር ነበር፤ ከአገሪቱ ታላላቅ ዳኞች አንዱ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1621 ከባለጉዳዮች ገንዘብ ተቀብለሃል ተባለ። መቀበሉን አመነ። ገንዘቡ ፍርዴን አላጣመመም የሚለውን ግን አልለቀቀም። ደግሞም እውነት የሚመስል ነገር ነበረው። ከከሰሱት ሰዎች አንዱ 100፣ ሌላው 400 ፓውንድ ሰጥተውታል፤ እሱ ግን ፈርዶባቸዋል! ጉቦ የሰጠውንና ያልሰጠውን በእኩል ዓይን የሚያይ ዳኛ ከየት ይመጣል? ምስጋና ቢሱ ፓርላማ ግን 40,000 ፓውንድ ቀጣው፤ እስር ቤትም ላከው። (ንጉሡ ገንዘቡን ማሩት፤ እስሩም የጥቂት ቀናት ነበር። ለህሊና የሚያዝን አይጠፋም።)

ሌላው የእንግሊዝ ሎርድ ቻንስለር፣ ሎርድ ኮተንሃም ደግሞ የባሰ አንጀት ይበላል። የጀልባ መተላለፊያ ቦይ ያለው ኩባንያ ጉዳይ ፊቱ ቀረበ፤ ለኩባንያው የሚጠቅመውን ውሳኔ አጸደቀ። ለካስ በኩባንያው ውስጥ አክሲዮን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1852 ውሳኔው ተሻረ። የሻሩት ዳኞች ግን በአክሲዮኑ ተነድቷል ብሎ የሚጠረጥር የለም ብለዋል። ንጹሕ ነው ብለው መሰከሩለት፣ ውሳኔውን ግን ጣሉት። ታዲያ ንጹሕ መሆን ምን ጠቀመ?

አሜሪካም ብዙ አትሻልም። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ 50 ሚሊዮን ዶላር ክፈል ተባለ። ይግባኙ ከመድረሱ በፊት የኩባንያው ኃላፊ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። ብሬንት ቤንጃሚን ይግባኙን በሚያየው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ እንዲመረጥ ነው። ተመረጠም። ከችሎቱ ይነሳልን ሲባል አቤቱታውን የመረመረው ማን ነው? ራሱ። ህሊናውን ጠየቀ፤ ህሊናውም «ደህና ነኝ» አለ። ኩባንያው 3 ለ 2 አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መነሳት ነበረበት አለ፤ እሱም በ5 ለ 4። አራቱን ዳኞች ከዚህ አመሰግናለሁ።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን «ለወንድሜ እንኳ አላዳላሁም» ባዩን ሹም ነው። የወንድሙ ፋይል ሲመጣለት ደስ ይለዋል። ሰው ሁሉ እያየ ይፈርድበታል። ስሙ ይገናል፤ ጭብጨባው ይቀልጣል። ወንድምየው እውነት እንደነበረው የሚያነሳ የለም። ሌላ ዳኛ ቢያየው ኖሮ ያሸንፍ የነበረ ሰው፣ ወንድሙ ጻድቅ በመሆኑ ብቻ ተሸነፈ። ይግባኝ እንዳይል ደግሞ «አይ ስግብግብ፣ ወንድሙን ሊያሳጣ» ይባላል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሹሞች በሚሞሉት ቅጽ ላይ «ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት አለዎት?» የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ «አዎ» እና «የለኝም» ብቻ ነው። ይህ ለቅን ሰዎች አይበቃም። ሦስተኛ ሣጥን ይጨመር፦ «አለኝ፣ ግን እኔ ነኝ።» ፊርማ አያስፈልግም።